እስክትጠገን የቆመችው ቪላ

አንድ ዕድሜውን በሙሉ መንገድ ሲሠራ የኖረ መሐንዲስ ነበር። ስሙ ሽብሩ ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት በድንኳንና በቆርቆሮ ካምፕ እየኖረ፣ ተራራ እየቆረጠ፣ ድልድይ እየዘረጋ አገሩን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰ። ሚስቱ ዘርፌ ግን አዳማ ካለው ቤታቸው ብዙም ርቃ ሄዳ አታውቅም። ልጆቹን ያሳደገችው፣ ያስተማረችው፣ የዳረችው እሷ ነች። እሱ በሁለት በሦስት ወር አንዴ አቧራ ለብሶ ይመጣል፤ ሳምንት ይቆያል፤ ተመልሶ ይሄዳል። በመጣ ቁጥር ያየውን ያወራላታል። ስለ ጫካው፣ ስለ ገደሉ፣ ስለ ወንዙ። ወሬውን ሲጨርስም «ጡረታ ልውጣ እንጂ ሁሉንም አንድ በአንድ አሳይሻለሁ» ይላታል።

ጡረታ ወጣ። ቃሉንም አልረሳም። ዘርፌ ወገቧን ያማታል፤ በየሆቴሉ አልጋ እየቀያየረች እንድትንገላታ አልፈለገም። ስለዚህ የነበሩትን ሁለት የጭነት መኪናዎች ሸጠና ከባሕር ማዶ አንዲት ተንቀሳቃሽ ቤት አስመጣ። ከውጭ ሲያዩዋት ሰፊ አውቶቡስ ነች። ውስጧ ግን የተሟላ ቤት ነው። ትልቅ አልጋ አላት፤ ምድጃና ፍሪጅ አላት፤ ሙቅ ውሃ የሚወርድበት መታጠቢያ አላት። አንደኛው ግድግዳዋ ደግሞ ቁልፍ ሲጫኑት ራሱን ወደ ውጭ ገፍቶ ሳሎኑን ያሰፋል። ወደ ግቢ ለማስገባት የአጥሩን በር ማፍረስ አስፈልጎ ነበር። የሰፈሩ ሰው ሊያያት መጣና «ቪላዋ» የሚል ስም አወጣላት።

የመጀመሪያው ጉዟቸው በጥቅምት ነበር። ከሞጆ አላለፉም። የውሃ ፓምፑ ድንገት ጮኸና ቀጥ አለ፤ ከማጠቢያው ስር የተፈታ ቱቦ ወለሉን አጥለቀለቀው። ዘርፌ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ሳቀች።

«ሐይቅ ልታሳየኝ ነበር፤ ሐይቁ ራሱ መጣልኝ» አለችው።

ሽብሩ ግን አልሳቀም። «እንዲህ ሆና አንሄድም። ትጠገንና እንሄዳለን» ብሎ መሪውን አዞረ።

ኸይሩ የሚባል መካኒክ ነበረው። ከሃያ ዓመት በላይ የጭነት መኪናዎቹን ሲጠግንለት የኖረ፣ ሞተር ሰምቶ ሕመሙን የሚናገር ሰው ነው። እሱን ጠራው። ፓምፑ ተቀየረ። ፓምፑ ሲቀየር ማሞቂያው አልሠራም አለ። ማሞቂያው ሲስተካከል ፍሪጁ በጋዝ እንጂ በኤሌክትሪክ አላቀዘቅዝም አለ። በመጋቢት የበልግ ዝናብ ሲጥል ጣራዋ ማፍሰሷ ታወቀ። ሽብሩ ራሱ መሰላል ላይ ወጥቶ ጣራውን በማጣበቂያ ደፈነ። በሚቀጥለው ዝናብ ውሃው ከደፈነው ቦታ አንድ ክንድ ፈንጠር ብሎ ወረደ።

በግንቦት ደግሞ ትልቁ ችግር መጣ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የኃይሉ ግፊት የመቆጣጠሪያውን ቦርድ አቃጠለው። በዚያች ሰዓት ግድግዳው ተከፍቶ ነበርና ሽብሩ ሊዘጋው ቢሞክር ግማሽ ድረስ ገብቶ ቆመ። ከዚያ ወዲያ አይገባም፤ አይወጣም። ሽብሩ ወደ ሻጮቹ ደወለ። ስልኩ ውስጥ ሙዚቃ ይዘፍናል። ለሦስት ቀን ሙዚቃውን ሰማ። በአራተኛው ቀን አንዲት ሴት አነሣችና በትሕትና አናገረችው። መኪናዋን በአቅራቢያው ወደሚገኝ የጥገና ማዕከላቸው ይዞ እንዲመጣም መከረችው። በአቅራቢያ የሚገኘው ማዕከል ሁለት ባሕር ተሻግሮ ነው።

ቦርዱ ከውጭ በመንገደኛ ሻንጣ ተልኮ በነሐሴ ደረሰ። ሽብሩ ካርቶኑን ቸኩሎ ከፈተ። የሌላ ሞዴል ቦርድ ነበር። የማስገቢያው ቀዳዳ እንኳ አይመሳሰልም። ያን ዕለት ምሳውን ሳይበላ ግቢው ጥግ ተቀምጦ ዋለ። ማንም ሰው ቢያየው የሚያሳዝን ነበር። ስንት ወንዝ ላይ ድልድይ የዘረጋ ሰው ሚስቱን ከግቢው በር ማሳለፍ አቅቶታል።

ኸይሩ አጠገቡ ቁጢጥ አለና እጁን በጨርቅ እየጠረገ አናገረው።

«ጋሽ ሽብሩ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልናገር። መኪና ሲሄድ ይበላሻል። ቤት ቆሞም ይበላሻል። ይቺ ሁለቱንም ነች። ሁሉ ነገሯ ባንዴ ደህና የሚሆንበት ቀን አይመጣም።»

«ታዲያ ምን አድርግ ነው የምትለኝ?» አለ ሽብሩ። «እንዲህ እንደሆነች ይዣት ልውጣ? ሚስቴን መንገድ ላይ ላንገላታት? ሠላሳ ዓመት ብቻዋን ያንገላታኋት አይበቃትም? አንድ ነገር፣ አንድ ነገር እንኳ ሳይጎድል ላድርግላት ነው የፈለግኩት።»

ኸይሩ ተነሥቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ዘርፌ አልፎ አልፎ ሻይ ይዛላቸው ትመጣና «እስቲ ዝም ብለን እንሂድ። ጥቂት ቢጎድል ምን ይሆናል?» ትል ነበር። ሽብሩ ሁልጊዜ «አንድ ሳምንት ታገሺኝ» ይላታል። ሳምንቱ ወር ይሆናል። በዚህ መካከል ዘርፌ ከትልቋ ልጇ ጋር ሁለት ጊዜ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዳ ነበር። ሽብሩ ሄዳ መምጣቷን ያውቃል። «ምን አሉሽ?» ሲላት «ጠብታ ሰጡኝ» አለችው። ጠብታ ካለ መዳን ያለ መስሎት አልፎ አልጠየቀም።

ዓመቱ ዞሮ ጥቅምት ሆነ። አንድ ዓርብ ቀን ኸይሩ ለጁምዓ ሶላት ሄዶ ሽብሩ ብቻውን ይሠራ ነበር። ከማጠቢያው ስር ያለው ቱቦ እንደገና ላልቷል። በጀርባው ተኝቶ ራሱን የማጠቢያው ቁምሳጥን ውስጥ ከተተና ሚስቱን ጠራት።

«ዘርፌ፣ እስቲ የእጅ ባትሪውን ያዢልኝ።»

መጣችና ያዘችለት።

«ከፍ አድርጊው። ትንሽ ወደ ግራ። ግራ እኮ ነው ያልኩሽ!»

ብርሃኑ አንዴ ትከሻው ላይ፣ አንዴ ወለሉ ላይ፣ አንዴ በሩ ላይ ይሄዳል እንጂ የቱቦው ብሎን ጋ አይደርስም። የሽብሩ ክንድ ዝሏል፤ ውሃው ፊቱ ላይ ይንጠባጠባል።

«ምን ሆነሻል አንቺ ሴት? እዚህ ጋ! እጄ ያለበት!» ብሎ ጮኸባት።

ዘርፌ ቀስ ብላ፣ «እጅህ የት ነው?» አለችው።

ሽብሩ ከቁምሳጥኑ ወጣ። ፊት ለፊቷ ተንበርክኮ አያት። ቀኝ እጁን ከጆሮዋ አቅጣጫ አነሣ። አላየችውም። ወደ ጉንጯ አቀረበው። አላየችውም። ልክ ከአፍንጫዋ ፊት ለፊት ሲደርስ ዓይኗ ያዘው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት። ድምፁ ተቀይሯል።

«ቀስ በቀስ ነው። ከዳር ከዳር እየጨለመ መጣ። አሁን በቧንቧ ውስጥ እንደማየት ሆኗል።»

«ጠብታውስ?»

«ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው። የሄደውን አይመልስም፤ የቀረውም እስከ መቼ እንደሚቆይ አናውቅም ብለውኛል።»

«ለምን አልነገርሽኝም ዘርፌ?»

«ልነግርህ ስመጣ ሁልጊዜ ከመኪናዋ ስር ነህ። ስትወጣ ደግሞ ፊትህ ጠቁሮ ነው የምትወጣው። ሌላ ሸክም ልጨምርበት? ይቺ ትለቅለትና እነግረዋለሁ እያልኩ ቆየሁ። እኔም እንዳንተው መጠገኗን ስጠብቅ ነበር።»

ሽብሩ እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጠ። የብሎን መፍቻው ከእጁ ወደቀ። ዘርፌ እንባውን ስላላየች ያለቀሰ አልመሰላትም። ትከሻውን ስትይዘው ግን ሲንቀጠቀጥ አገኘችው፤ እሷም አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ብዙ ቆይቶ «ምን ማየት ትፈልጊያለሽ?» አላት።

ለመመለስ አልዘገየችም። «አርባ ምንጭን። ሁለት ሐይቅ ጎን ለጎን ተኝቷል፣ አንዱ ቀላ ያለ ነው፣ አንዱ ሰማያዊ፣ የሚለያቸው አንድ ቀጭን ኮረብታ ነው ብለኸኝ አልነበር? እኔ እኮ ውሸትህን ይመስለኝ ነበር።»

ኸይሩ ከሶላት ሲመለስ ሽብሩ በሩ ላይ ጠበቀው።

«ኸይሩ፣ ይቺ መኪና መሄድ ትችላለች?»

ኸይሩ ጥያቄው አዲስ ሆነበት። «ሞተሯ ደህና ነው። ፍሬኗም ጎማዋም ደህና ነው። ግድግዳውን በጉልበት ገፍቼ አስገባውና በብሎን አስረዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን አይከፈትም። የመብራት ጄኔሬተሯ አይነሣም። የቧንቧ ውሃ አይኖራትም። ዝናብ ከመጣ ስለ ጣራዋ ቃል አልገባም።»

«መሄድ ትችላለች ወይ ነው ያልኩህ።»

«መሄድማ ዓመቱን ሙሉ ትችል ነበር» አለ ኸይሩ።

«ግድግዳውን ማሰር ይቻል ነበር?»

«በተበላሸ በሳምንቱ ነግሬዎት ነበር እኮ ጋሼ። ‹ግድግዳው ካልተከፈተ ምኑን ቪላ ሆነ› ብለው እምቢ አሉኝ።»

ኸይሩ ሊወቅሰው ፈልጎ አልነበረም። የዋህ ሰው ነው፤ የተጠየቀውን ብቻ ነው የመለሰው። ሽብሩ ግን ቃሉን እንደ ጥፊ ተቀበለው። አልተቆጣም። «በል እሰረው» አለ።

እሑድ ጠዋት ተነሡ። ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ አንድ ትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ ዳቦና ፍራፍሬ ያዙ። ያ ሁሉ የተደከመበት ፍሪጅ የዳቦ ማስቀመጫ ሆነ። ባቱን እንዳለፉ በሩ ስር ያለው ራሱን የሚያጥፍ ደረጃ አልታጠፍ ብሎ መሬት ሊነካ ተንጠለጠለ። ሽብሩ በገመድ አሰረው። ከዚያ ወዲያ ዘርፌ ስትወርድና ስትወጣ ጀሪካን ያስቀምጥላትና እጇን ይይዛታል። ሐላባ ላይ ዝናብ አገኛቸው። ጣራው እንደ ልማዱ አፈሰሰ። ዘርፌ ድስት ከስሩ ደቀነችና የውሃውን ጠብታ እየሰማች ወጥ የሚንተከተክ መሰላት፤ ብቻዋን ሳቀች። ያን ሌሊት ሶዶ ከተማ አደሩ።

በማግስቱ ጠዋት ትንሽ እንደ ሄዱ የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀይ ወጣ። ሽብሩ መኪናዋን ጥግ አስያዛት። ከሞተሩ እንፋሎት ይወጣ ነበር። ያ የተለመደው ንዴት ተነሣበት።

«እንመለስ መሰለኝ» አለ።

«ወደ ኋላ ስንሄድ አይግልም?» አለችው ዘርፌ።

ሽብሩ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተና እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ጀመሩ። ከማሳው አንድ ገበሬ መጣ፤ ሚስቱም ሙዝ በቅርጫት ይዛ ተከተለችው። ገበሬው መኪናዋን አንዴ ዞራትና ጠየቀ።

«ይሄ ነገር አውቶቡስ ነው ወይስ ቤት?»

«እኔም ዓመት ሙሉ ሳጠና ቆይቼ አላወቅኩትም» አለ ሽብሩ።

ገበሬው ከት ብሎ ሳቀ። ሽብሩም ሳቀ። ዘርፌ ከውስጥ ሆና ሰማችው። መኪናዋ ከመጣች ጀምሮ ባሏ ሲስቅ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ገበሬው ከቤቱ ውሃ አመጣላቸው፤ የሞተሩን ውሃ ሞሉ፤ ሙዙን አብረው መንገድ ዳር ተቀምጠው በሉ። ዘርፌ ከሴትየዋ ጋር ስለ ልጆችና ስለ ወገብ ሕመም ብዙ ተጨዋወተች። መኪናዋ ስትነሣ ሽብሩ ሁለት ሰዓት እንደ ቆሙ አይቶ ተገረመ። ሁለት ሰዓት የቆሙ አልመሰለውም ነበር።

ከሰዓት በኋላ አርባ ምንጭ ደረሱ። ከከተማው ወጣ ብሎ ሐይቆቹን ቁልቁል የሚያሳይ ቦታ ነበር። ሽብሩ ጀሪካኑን አስቀምጦ አወረዳትና ትከሻዋን ይዞ ወደ አንደኛው አዞራት። ዘርፌ ዓይኗን አጥብባ ፈለገችው። አገኘችው።

«እውነትም ቀይ ነው» አለች። «እውነትህን ነበር።»

ብዙ አየችው። ከዚያ ቀስ አድርጎ ወደ ሌላው አዞራት። ሰማያዊው ከተራሮቹ ስር ተዘርግቶ ነበር። ያንንም ረጅም ጊዜ አየችው።

«ሁለቱ አንድ ላይ ይታዩሻል?» አላት።

«ተራ በተራ ነው የሚታዩኝ።»

ሽብሩ የሚቀጥለውን ጥያቄ ሊውጠው ፈልጎ ነበር። አልቻለም።

«አምና ብንመጣስ ኖሮ?»

ዘርፌ ልትዋሸው አልፈለገችም። ዕድሜ ልካቸውን ተዋሽተው አያውቁም። «አምና ሁለቱም ይታዩኝ ነበር» አለችው። ወዲያው ግን እጁን ፈልጋ ያዘች። «አሁን ግን መጥተናል። ና፣ አጠገቤ ቁም። እኔ ቀዩን ልይ፤ አንተ ሰማያዊው ምን እንደሚመስል ንገረኝ። ከዚያ እንቀያየራለን።»

እንዲሁ አደረጉ። እሷ አንዱን ታያለች፤ እሱ ሌላውን ይነግራታል። ጀልባ ሲያልፍ ጀልባውን፣ ወፍ ሲነሣ ወፉን፣ የደመናው ጥላ ውሃው ላይ ሲሄድ ጥላውን ይነግራታል። ሠላሳ ዓመት ያያቸውን ነገሮች ሲያወራላት የኖረ ሰው ነው፤ ነገር ግን እያየ አውርቶላት አያውቅም ነበር። ፀሐይ ወደ ምዕራብ እስክታዘነብል ድረስ ከዚያ አልተንቀሳቀሱም።

ከዚያ በኋላ ዓይኗ እያየላት አሥራ አራት ወር ሙሉ ተጓዙ። የባሌን ተራራ አየች፤ የሶፍ ዑመርን ዋሻ አየች፤ እሱ ራሱ በወጣትነቱ የሠራውን አንድ ድልድይ በእግሯ ተሻገረች። በእያንዳንዱ ጉዞ አንድ ነገር ይበላሻል። ኸይሩ በስልክ እየመራው ሽብሩ የሚጠገነውን ይጠግናል፤ የማይጠገነውን በገመድ ያስራል። ግድግዳው ዳግመኛ አልተከፈተም። የሁለተኛው ዓመት ጥር ሲገባ የዘርፌ ዓይን ሙሉ በሙሉ ጨለመ። ያኔም ጉዞውን አልተዉም። እሷ ከፊት ወንበር ትቀመጣለች፤ እሱ እየነዳ ያይላታል፤ የሚያየውን ይነግራታል። አንዳንድ ጊዜ «ይሄን አውቀዋለሁ፣ አይቼዋለሁ» ትለዋለች። ያን ጊዜ ሽብሩ ደስ ይለዋል፤ ደግሞም ያመዋል።

ወዳጆቼ፣ ሽብሩ ሰነፍ አልነበረም፤ ጨካኝም አልነበረም። የሚስቱን ጉዞ ያዘገየው ስለሚወዳት ነው። እንከን የሌለው ነገር ሊሰጣት ሲል ያለውን ሳይሰጣት ዓመት አለፈ። ብዙዎቻችን እንዲህ ነን። ቤቱ ሲያልቅ እንጠራቸዋለን እንላለን፤ ሥራው ሲቀልልኝ እጠይቃታለሁ እንላለን፤ ሁሉ ነገር ሲሟላ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ እንላለን። የምንጠግነው ነገር ግን አያልቅም፤ በየቀኑ አዲስ ይበላሻል። በምንጠግንበት ጊዜ አጠገባችን ያለው ሰው ደግሞ ሳይነግረን እየተለወጠ፣ እየደከመ፣ እየራቀን ይሄዳል። መጠገን ጥሩ ነው። ፍሬንና መሪ ሳይጠገን መንገድ አይወጣም። ከዚያ የተረፈው ግን እየሄዱም ይጠገናል።

እናንተስ፣ «ትንሽ ይስተካከልልኝና» ብላችሁ ያቆያችሁት ጉዞ የቱ ነው? እስክትመጡስ የሚጠብቃችሁ ማን ነው?